አባባ ታረቀኝ ያመሰገኑልኝ ክረምት

ባለፈው ሐምሌ ለሥራ ደሴ ወጥቼ ፒያሳ ላይ ዝናብ ያዘኝ። የደሴ ዝናብ ሲጀምር ለሰው ጊዜ አይሰጥም፤ ባጃጅ ሳላገኝ ሮጬ አንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ላይ ተጠለልኩ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ሰውየው የከሰል ካውያውን አውጥቶ፣ አንድ የሱፍ ኮት ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ ይተኩሳል። ካውያው ጨርቁን ሲነካ ጭስስ አለና እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፤ የራሰ ሱፍ፣ የከሰል፣ ትንሽም የማረር ሽታ።

«ግቢ እንጂ እህቴ፣ ትበሰብሻለሽ» አለኝ።

«እዚህ ይሻለኛል» ብዬው ፊቴን ወደ ዝናቡ አዞርኩ። እንባዬን እንዲያይብኝ አልፈለግሁም። ያ ሽታ የአባባ ታረቀኝ ቤት ሽታ ነው። እዚያ ቤት የገባሁት በሰባት ዓመቴ፣ ክረምት ሲገባ ነበር።

እኔና እናቴ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነበር፣ ሁለታችን ብቻ። አባቴን አላውቀውም፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። እማዬ ክር ፋብሪካ ትሠራለች። ከሥራ ስትመጣ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ሰፍሮ ስለምትገባ ሽበት ይመስለኝ ነበር። አርጅታ ትመጣለች፣ ስትታጠብ ደግሞ ወጣት ትሆናለች። ሁሉም እናት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሆዷን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ኮምቦልቻ፣ ቀጥሎ ደሴ ታየች፤ በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄዳ እንድትታከም ተነገራት። እዚያ ወንድሟ አለ፣ እሱ ያስታምማታል። እኔን ግን የት ታድርገኝ? «ደሴ አጎቴ ጋ ትቆያለች» ብላ ወሰነች። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ልብሴን በፌስታል አድርጋ ሚኒባስ ላይ ይዛኝ ወጣች።

የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጆሮዬ ተደፈነ። የከፍታው ነገር መሆኑን ስላላወቅሁ የደነቆርኩ መሰለኝ። እማዬ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ነገረችኝ፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየሁት። «ምን አልሽ?» አልኳት። ፈገግ ብላ ጭንቅላቴን ዳበሰችኝ እንጂ አልደገመችውም። ከዚያ ጉም መጣና ኮምቦልቻ ከታች ጠፋች።

የእማዬ አጎት አባባ ታረቀኝ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ጦሳ ተራራ ሥር ነው፤ የፊቱ ክፍል ልብስ መስፊያ፣ የኋላው መኝታ። በር ላይ ሲቀበሉን ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቄስ መሰሉኝ። ጎንበስ ሲሉልኝ መስቀል እንደሚሳም የሜትሩን ጫፍ ይዤ ሳምኩ። እማዬ ሳቀች፤ ስትስቅ ሆዷን ይዛ ነበር።

«በይ እንግዲህ፣ አባባን እንዳታስቸግሪ። ቶሎ እመጣለሁ» አለችኝ።

«ቶሎ ማለት መቼ ነው?»

«ትምህርት ሳይከፈት።»

ቁልቁል ስትወርድ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ዞር ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ጭቃው ስለሚያንሸራትት እግሯን እያየች ነበር የምትሄደው፤ ሳትዞር ጉሙ ውስጥ ገባች።

ደሴ በረደኝ። ከኮምቦልቻ ያመጣሁት ልብስ ሁሉ ስስ ነው። የሰፈሩ ልጆች «ቆለኛዋ» ይሉኛል፤ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሲያዩ ይስቃሉ። ውጭ መውጣት ተውኩ። ቀኑን ሙሉ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ትንሽ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ በአንዱ አባባ ይሰፋሉ፣ ሌላው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። የሟች ባለቤታቸው የእማማ ዘነቡ ነበር። የአባባ ዓይን ስለደከመ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የማስገባላቸው እኔ ነኝ። የካውያውን ከሰል አራግባለሁ፣ መሬት የወደቀውን ስፒል በማግኔት እለቅማለሁ። ሥራው ያልቃል፣ ቀኑ ግን አያልቅም። መኪናው ይንቀጨቀጫል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ አባባ ዝም ይላሉ፣ እኔም ዝም እላለሁ።

ከዝምታው መካከል የምሰማው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ጠዋት አባባ ከአልጋቸው ሲነሡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተመስገን» ይላሉ። ፊታቸውን ታጥበው ሲጨርሱ፣ «ተመስገን።» ክሩ በመርፌው ሲያልፍ፣ «ተመስገን።» እማዬ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስትል ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ባዶውን ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ኮምቦልቻ ጎረቤታችን ተመስገን የሚባል ልጅ ስለነበረ ሰው የሚጠሩ መሰለኝ። አጠራራቸውም የቅርብ ሰው አጠራር ነው፤ አይጮኹም፣ መልስም አይጠብቁም። እዚሁ ቤት ያለ፣ እኔን አፍሮ የማይወጣ ልጅ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን አልነበርኩም። ከድንቼ ቆርሼ የተሸፈነው መኪና ሥር አስቀምጥለታለሁ። ጠዋት ሳየው የለም። ተመስገን በላ ማለት ነው፤ አይጥ መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ስፒል ስለቅም በሹክሹክታ አወራዋለሁ፤ ስለ እማዬ፣ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት፣ ግቢያችን ውስጥ ስላለው ፓፓያ።

አንድ ቀን አባባ ድንቹን ሳስቀምጥ አዩኝ።

«ለማን ነው እሱ?»

«ለተመስገን።»

«የቱ ተመስገን?»

«እርስዎ የሚጠሩት።»

መኪናውን አቆሙ። መጀመሪያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ።

«ሰው አይደለም ልጄ። ፈጣሪን ነው። ‹ክብሩ ይስፋ፣ አንተ ተመስገን› ማለቴ ነው።»

«ስለ ምኑ?»

«ስላደርን። ክሩም ስለገባ።»

«ሌላ ልጅ የለም ማለት ነው?»

«የለም። እኔና አንቺ ነን።»

ያጽናኑኝ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ጓደኛ ሞተብኝ። ድንቹን ከመኪናው ሥር አውጥቼ ራሴው በላሁት። ቀዝቅዞ ነበር።

ስልክ የነበረው ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ቤት ነው። ባላቸው ይማም ከሞቱ ወዲህ እሳቸውም ብቻቸውን ናቸው። እማዬ እሑድ እሑድ ትደውላለች። እትዬ ፋጡማ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «ሰብሊ! ነይ ቶሎ፣ እናትሽ ናት!» ሲሉ ጫማ ሳላደርግ እሮጣለሁ። እማዬ ሁልጊዜ «ምን በላሽ?» ብላ ነው የምትጀምረው። እኔ ሁሉንም እዘረዝርላታለሁ። እሷ ምን እንደበላች ስጠይቃት ግን «በልቻለሁ» ብቻ ትላለች። ስልኩን ስዘጋ እትዬ ፋጡማ፣ «ድምጧን ሰማሽ፣ አልሐምዱሊላህ። አብሽሪ የኔ ሸጋ» ብለው ቴምር ያስይዙኛል።

ከአጥሩ ወዲህ ተመስገን፣ ከአጥሩ ወዲያ አልሐምዱሊላህ። እኔም በልጅ አእምሮዬ አሰብኩ። ትልልቅ ሰዎች ይህን ያህል የሚደጋግሙት ቢጠቅማቸው ነው። ምስጋና ፈጣሪን ደስ ያሰኘዋል፤ ደስ ያለው ደግሞ የጠየቁትን አይከለክልም። እማዬ ደስ ሲላት ብስኩት አይደል የምትገዛልኝ? ስለዚህ እማዬን እንዲያድንልኝ ማመስገን ጀመርኩ። ስለ ጉሙ ተመስገን። ስለ ጭቃው ተመስገን። ስለ ስፒሎቹ፣ አንድ በአንድ። ቆለኛ ስለሚሉኝ ልጆች እንኳ ጨክኜ አመሰገንኩ፤ ከሁሉም እሱ ስለከበደኝ ፈጣሪም ከሁሉም እሱን የሚወድልኝ መሰለኝ።

ፍልሰታ ሲገባ አባባ በየቀኑ ይዘውኝ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኩዮቼ ከእናቶቻቸው ነጠላ ሥር ተጠልለው ይቆርባሉ፤ እኔ የአባባን ጃንጥላ ዘንግ ይዤ እቆማለሁ። ሰው ሲሰግድ ከሁሉም ቀድሜ እወድቅና ከሁሉም ዘግይቼ እነሣለሁ፤ በዚያ ሁሉ ሕፃን መካከል ከፈጣሪ ዓይን እንዳልጠፋ። የቡሄ ዕለት የሰፈሩ ልጆች እየጨፈሩ ደጃችን ሲመጡ የተሸፈነው መኪና ሥር ገብቼ ተደበቅሁ። አባባ ዳቦ ሰጥተዋቸው ሲመርቋቸው ሰማሁ። ተመልሰው ሲያጡኝ ግራ ገባቸው፣ ጎንበስ ብለው አዩኝ፤ ለብቻዬ ያስቀሩልኝን ዳቦ በጨርቁ ሥር አሳልፈው ሰጡኝ እንጂ «ውጪ» አላሉኝም።

በዚያው ሰሞን የእማዬ ድምፅ ቀጠነ። አንድ እሑድ የደወለው አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ነው። «እናትሽ ተኝታለች» አለኝ። በሚቀጥለውም እሑድ ተኝታ ነበር። እኔ ደስ አለኝ። ኮምቦልቻ እያለን ሕመሙ እንቅልፍ ስለሚነሳት፣ እንቅልፍ ካገኘችማ ድናለች ብዬ ስለ እንቅልፏም አመሰገንኩ።

አንድ ማለዳ በሰው ድምፅ ነቃሁ። የፊተኛው ክፍል ሞልቷል። እትዬ ፋጡማ አሉ፣ የአባባ የንስሐ አባት አሉ፣ የሰፈሩ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። በችኮላ የገለበጡት መስሎኝ አጠገቤ የነበሩትን ሴትዮ ጎተት አድርጌ፣ «ነጠላዎ ተገልብጧል» አልኳቸው። ሴትዮዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ በእጃቸው መካከል ጩኸቱ አመለጣቸው፤ ቤቱ ሙሉ ተከትሎ ጮኸ። እማዬ መሞቷን የነገረኝ የለም። ሁሉም ወደ እኔ እያየ ሲያለቅስ ገባኝ።

ለቀብር አልወሰዱኝም። አስከሬኗ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ መጥቶ ነው የተቀበረችው። አባባ ሲወርዱ እኔ እትዬ ፋጡማ ጋ ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እትዬ ፋጡማም ተነሺ አላሉኝም፤ ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ዋሉ። ስልኩ አንዴ ጮኸ። ለካ ሊያጽናናቸው የደወለ ዘመዳቸው ነው፤ ቶሎ ዘጉበት።

አባባ ከተመለሱ በኋላ ለቀስተኛው ይመጣል ይሄዳል። አንድ ከሰዓት ቄሱ፣ የአባባ የንስሐ አባት፣ መጥተው ሲያጽናኑ ቆዩና ሊነሡ ሲሉ፣ «በሉ እንግዲህ፣ ስለ ሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ቤቱ ሙሉ «ይመስገን» አለ። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፤ ወደ እኔ ዞረው በለሰለሰ ድምፅ፣ «አንቺም በይ ልጄ» አሉኝ።

«አልልም!»

እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «ብያለሁ! ስለ ጭቃው ሳይቀር ብያለሁ! ሁሉንም ብያለሁ!»

«ኧረ ነውር ነው፣ ዝም በይ» አለች አንዲት ሴት። አባባ እጃቸውን አንሥተው እሷኑ ዝም አሰኟት። ትከሻዬን ይዘው ወደ ኋላው ክፍል ወሰዱኝና አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ምን ምን ብለሽ ነበር?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ስለ ጉሙ፣ ስለ ስፒሎቹ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ እንቅልፏ። እንድትድን ብዬ መሆኑንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«እኔም ዘነቡ ታማ ሳለች እንደዚሁ አድርጌ ነበር» አሉ። «ይህን ያህል ሽማግሌ ሆኜ። ስትሞትብኝ አፌ ተዘጋ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ እየደረስኩ እመለስ ነበር። የፋጡማ ባል ይማም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየማለዳው በአጥሩ ላይ ብቅ ይላል። ‹ታረቀኝ፣ አደርክ?› ይለኛል። እኔ አልመልስለትም። ‹አድሯል፣ አልሐምዱሊላህ› ብሎ ለራሱ መልሶ ይሄዳል። ስንት ጊዜ እንደዚያ አለልኝ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንድ ቀን ሳላስበው መለስኩለት። ጊዜው ሲደርስ ነው።»

ዝናቡ አባርቶ ከጣራው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለው ብቻ ይሰማ ነበር። አባባ እጄን መዳፋቸው ውስጥ አደረጉት። መዳፋቸው መርፌ የወጋጋው፣ ሻካራ ነው።

«አንቺ አትበይ። ማንም አያስገድድሽም። እኔ እልልሻለሁ።»

«ስለ ምኑ ነው የሚሉልኝ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። የገባሽ ቀን አንቺው ትነግሪዋለሽ።»

በማግስቱ ጠዋት «ተመስገን» ሲሉ ሰማሁ። ትንሽ ቆዩና ደገሙት፤ ሁለተኛው ዝግ ያለ ነበር። የኔ መሆኑ ገባኝ። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ጆሮዬን ያዝኩ። በየጠዋቱ እንደዚያ ሆነ፤ እሳቸው ሁለት ጊዜ ይላሉ፣ እኔ እከናነባለሁ።

ትምህርት ተከፈተ። አባባ ዩኒፎርሜን ሰፍተው፣ እጄን ይዘው አስመዘገቡኝ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ እናቶች በሩ ላይ ተሰብስበው ይቆማሉ። እማዬ መካከላቸው እንደሌለች እያወቅሁ ፊታቸውን አንድ በአንድ አይ ነበር። አባባ ሜትራቸውን ሳያወልቁ ከሁሉም ኋላ ይቆማሉ። ሳንነጋገር ወደ ቤት እንሄዳለን፤ እሳቸው ለእኔ ብለው ቀስ ይላሉ፣ እኔ ለእሳቸው ብዬ ቀስ እላለሁ።

አንድ ጠዋት ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። የመጀመሪያውን «ተመስገን» እንደምንም አወጡት። ሁለተኛው ቀረ። ብርድ ልብሱን ከፊቴ ገለጥኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ሳሉ፣ እንደገና ሳሉ፣ ከሳሉ በኋላ መጣ። በየጠዋቱ እየጠበቅሁት እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

የእማዬ አርባ የወጣው ኮምቦልቻ፣ በኖርንበት ግቢ ነው። የፋብሪካ ጓደኞቿ ናቸው ያዘጋጁት። ከሚኒባሱ ስንወርድ ሙቀቱ አቀፈኝ፤ አባባ ግን ካቦርታቸውን ሳያወልቁ በላብ ተጠመቁ። ክፍላችን ለሌላ ሰው ተከራይቷል። በሩ ላይ የማላውቀው አረንጓዴ መጋረጃ ተሰቅሏል። መጋረጃውን እያየሁ ስቆም አስካለ የምትባል የእማዬ የቅርብ ጓደኛ መጥታ ከዚያ አነሣችኝና ሴቶቹ መካከል አስቀመጠችኝ።

ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ሰው ከበላ ከጠጣ በኋላ ወሬው ወደ እማዬ ዞረ። «ልጅቷ ፊት ምን ይባላል» ያለ ሰው ነበር፤ አስካለ ግን፣ «ትስማ እንጂ፣ የእናቷ ነገር እኮ ነው» አለች።

«አንቺን እንደወለደች የሚይዝላት አልነበረም» አለችኝ። «ታቅፋሽ መጣችና የበሩን ዘበኛ ለመነችው። እሱም እሺ ብሎ ኮፍያውን አውልቆ ከሥርሽ አነጠፈና ጥላው ውስጥ አስተኛሽ። በእረፍት ሰዓት ጡቷን ይዛ ስትሮጥ ልታጠባሽ…»

«ኮፍያዬ ውስጥ ሸንታለች!» አሉ ከወንዶቹ በኩል አንድ ሽማግሌ። እሳቸው ራሳቸው ዘበኛው ነበሩ። «አለቃዬ ሲመጣ ሰላምታ ልሰጥ ኮፍያውን ብድግ አድርጌ ባጠልቀው…»

ጨርሰው አልተናገሩም፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ። «እናትሽ በላይነሽ ስትስቅ መሬት ላይ ተንከባለለች» አለች አስካለ፣ እየሳቀች እያለቀሰች። «አጥባ መልሳለታለች፣ እሱ ግን ‹ይችን ልጅ አምጪልኝ› ይል ነበር ሁልጊዜ።» እኔም ሳቅሁ። ወደ ደሴ ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ስስቅ እማዬ በፋብሪካው በር ስትሮጥ ታየኝ፤ ወደ እኔ ነበር የምትሮጠው።

መሄጃችን ሲደርስ አባባ ተነሡ። «ለደከማችሁ፣ ለልጃችን እናት ለሆናችሁላት እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን» አሉ። ለኔም ሊሉልኝ ትንፋሽ ሲስቡ የካቦርታቸውን እጅጌ ያዝኩ።

«አባባ፣ የኔን እኔ እላለሁ።»

ጎንበስ ብለው ዓይኔን አዩኝ። «ከልብሽ ነው?»

«አዎ።»

«ስለ ምኑ?»

«እማዬ የኔ እናት ስለነበረች» አልኩ። «ተመስገን።»

«ነበረች» ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እስከዚያ ቀን እማዬን እንደዚያ ብዬ አላውቅም። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። አባባ በዚያ ረጅም ቁመታቸው መሬት ላይ ተቀምጠው አቀፉኝ፤ አልቅሼ እስኪወጣልኝ ድረስ ማንም በቃሽ አላለኝም።